አምስት መቶ አሥራ ሁለት ለዜሮ

ኳሱ በቀለበቱ መሃል ሾልኮ ወረደ። ቀጮ የላፕቶፑን ቁልፍ ተጫነች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የውጤት ሰሌዳ ቀያይ መብራቶቹን አንዴ አርገበገበና ለባለሜዳው ቡድን አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰጠ።

የስፖርት አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኳሱን ያገባው ረጅሙ ልጅ እጆቹን ዘርግቶ ሜዳውን እየዞረ፣ በዚህ ዓይነት ተጋጣሚዎቻችን ባይመጡም ይሻላቸዋል አለ። ለልምምድ የገጠሟቸው ተጠባባቂዎች ከሩቅ ወርውረው ባለ ሦስት ነጥብ ሲያገቡ ሰሌዳው ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት ሰጣቸው። ረጅሙ ልጅ በእልህ ሌላ አገባ፤ የባለሜዳው ነጥብ ሃያ አራት ሆነ። ኳስ በማግባቱ ከአምስት መቶ ወደ ሃያ አራት የወረደ ቡድን እስከ ዛሬ ታይቶ አይታወቅም።

ቀጮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር። ቀጮ ስሟ አይደለም፤ ቅጥነቷን አይቶ ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ነው፣ አሁን ግን መምህራኑም ሳይቀሩ በሱ ይጠሯታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋም ዝምቴ የተባለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት የጠየቋትን ከሰዓት የምትመልስ ልጅ ናት። የሰሌዳውን ፕሮግራም ሁለቱ ተካፍለው ሠሩት። ነጥብ የሚቆጥረው ክፍል የቀጮ ነው። ቁጥሩን ከቀጮ ተቀብሎ ወደ መብራቶቹ የሚልከው ክፍል ደግሞ የዝምቴ።

የኮምፒውተር መምህሩ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል ወደ እነሱ መጣ። ዓርብ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ቡድን አለ፤ ወላጆችም ተጠርተዋል። ርዕሰ መምህሯ ሰሌዳው እንዲገዛ የፈቀደችው መምህሩ «ልጆቼ ያሠሩታል» ብሎ አንገቱን ለካራ ስለሰጠ ነው።

«ትናንት ይሠራ አልነበር?» አለ።

ትናንት አብርተውት ዜሮ ለዜሮ ብሎ ሁሉም አጨብጭቧል። ኳስ ግን ማንም አላገባም ነበር።

«እኔ ጋ ይሠራል ቲቸር» አለች ዝምቴ ቀስ ብላ።

«እኔም ጋ ይሠራል» አለች ቀጮ።

መምህሩ ሁለቱንም በየተራ አያቸው። «እንግዲያው አንዳችሁ ጋ አይሠራም ማለት ነው። ማን ጋ እንደሆነ እስከ ነገ ፈልጉ። ካልሆነ ዓርብ በጠመኔ ነው የምንቆጥረው።» ከዚያም፣ ሁለቱም ሲጠብቁትና ሲፈሩት የነበረውን ነገር አነሳ። በእረፍቱ ወራት ለሚሰጠው የፕሮግራም ሥልጠና ትምህርት ቤቱ የሚልከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። እስካሁን በሁለቱ መሃል ሲዋልል ቆይቷል፤ ይህ ሰሌዳ ይለይለታል።

ቀጮ የዚያኑ ቀን ምሳዋን ሳትበላ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። የራሷን ኮድ መስመር በመስመር ፈተሸች። ኳስ ሲገባ ሁለት ይደመራል፤ ቁጥሩ ወደ ዝምቴ ክፍል ሊሻገር ደፍ ላይ ሲደርስም ሁለት ነው። ከእጇ ሁለት ሆኖ የወጣ ቁጥር ዝምቴ እጅ ሲገባ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይሆናል። ታዲያ ችግሩ የማን ነው? ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ?

የዝምቴን ክፍል ከፍታ ብታየው ባንድ አፍታ በጨረሰችው። ግን አይከፈትም። ዝምቴ የሰጠቻት ሰው የሚያነበውን ኮድ ሳይሆን ላይብረሪውን ብቻ ነው፤ ማለትም ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም ወደ ማሽን ቁጥር ለውጦ የጨረሰውን፣ ሌላ ፕሮግራም እየጠራ የሚጠቀምበትን ፋይል። ማሽኑ ያነበዋል፤ ሰው ቢከፍተው ግን ድመት የተራመደችበት ነው የሚመስለው።

ዝምቴን ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ አገኘቻትና ዋናውን ኮድ እንድትሰጣት ጠየቀቻት። ዝምቴ ውሃዋን ጠጥታ፣ አፏን ጠርጋ፣ ወደ ጫማዋ አየች።

«ፍላሼ ተበላሽቷል» አለች።

«ላፕቶፕሽ ላይስ?»

«ወንድሜ ይዞት ወጥቷል።»

ቀጮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝምቴ ወንድም እንዳላት ሰምታ አታውቅም። ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ከገባ ብቻውን አይቀመጥም፣ ዘመዶቹን ይጠራል። ዝምቴ ላፕቶፗን አንድም ቀን ክፍል ይዛ መጥታ አታውቅም። ቤትሽ እንምጣ ሲሏት ሁሌ እንግዳ አለ፣ ሁሌ ቀለም እየተቀባ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ ቀጮ በየትኛው ኮምፓይለር እንደምትሠራ ጠይቃት ነበር፤ ዝምቴም ሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን መልስ ባንድ ትንፋሽ «ያው ያንቺው ነው» ብላ ወሬውን ቀይራለች። ለምን ቸኮለች? ያኔ ልብ ያላለችው ነገር ሁሉ አሁን ተሰልፎ መጣ።

እሳቱ ላይ ጋዝ ያርከፈከፈው ደግሞ የክፍል አለቃው ነው። የክፍል አለቃው የሰው ጉዳይ ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። ከኋላዋ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝምቴ ከትምህርት በኋላ ወደ ሰፈሯ እንደማትሄድ፣ በየቀኑ በፌርማታው በኩል እንደምትታጠፍ፣ ከመታጠፏም በፊት ዞራ ኋላዋን እንደምታይ ነገራት።

«ነቄ በይ እንጂ» አላት። «ቦታው አንድ ነው። ሰሌዳው ያንቺ ጥፋት መስሎ ቢበላሽ ማን ይሄዳል? ዓርብ ጠዋት ‹ፍላሼ ተሠራልኝ› ብላ አስተካክላው ትመጣለች፣ አንቺ እዚሁ ታጨበጭቢያለሽ።»

ቀጮ እንዲህ ዓይነት ወሬ አልወድም ልትለው አሰበች። አላለችውም። ወሬው ልክ እንደ ጫማዋ ቁጥር ገጠመላት።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ብቻውን ሲሆን ጠብቃ ገባች። ያለችው ነገር ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ ዝምቴ ኮዱን እንደደበቀቻት፣ ፍላሼ ተበላሸ ማለቷ ውሸት እንደሆነ፣ ቁጥሩን ሆን ብላ ያበላሸችው እንደሚመስላት ነገረችው። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ከባድ ነገር ነው ያልሽው። እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ» አለች ቀጮ። ቃሏ ከሐሳቧ ቀድሞ ወጣ።

መምህሩ እንዲህ ከሆነ ዝምቴ ሥልጠናው ቀርቶ የኮምፒውተር ክበቡም ውስጥ እንደማትቆይ፣ ቀጮ ግን ነገ ጠዋት ማስረጃዋን ይዛ እንድትመጣ ነገራት። ስትወጣ እግሯ ቀለላት። ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። የቀረው ማስረጃ ማምጣት ብቻ ነው፣ ማስረጃው ደግሞ በፌርማታው በኩል ይታጠፋል።

የመጨረሻው ደወል ሲደወል ዝምቴን ከሩቅ ተከተለቻት። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ያ ለቀጮ ጠቀማት። ዝምቴ ፌርማታው ጋ ስትደርስ፣ የክፍል አለቃው እንዳለው፣ ዞራ ኋላዋን አየች። ቀጮ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተሸጎጠች፤ ቅጥነት አንዳንዴ ይጠቅማል። ዝምቴ ጫማ ቤቱን አለፈች፣ የሰዓት ጠጋኙን ጠባብ ሱቅ አለፈች፣ ከዚያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። አልወጣችም።

ቀጮ በመስታወቱ ላይ በተደረደሩት እስክርቢቶዎችና ፖስታዎች መሃል አሾልካ አየች። ዝምቴ ቦርሳዋን ከባንኮኒው ሥር ወርውራ እጅጌዋን ሰብስባለች። የደንበኞች መታወቂያ እየተቀበለች ማሽኑ ላይ ታስተኛለች፣ ክዳኑን ትዘጋለች፣ የወጣውን ወረቀት ጠርዙን መታ መታ አድርጋ አስተካክላ ትሰጣለች። አጠገቧ አንዲት ሴትዮ ወረቀት እየጠረዘች ነው። ሰልፉ ሲሳሳ ሴትዮዋ በአገጯ ወደ ጥጉ ጠቆመቻት። ዝምቴ ሄዳ ጨርቅ ገፈፈችና ጀርባው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተር አበራች። ከኪሷም ፍላሽ አወጣች። ቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለበት፣ ተበላሽቷል የተባለው ራሱ ፍላሽ።

ያዝኩሽ አለች ቀጮ በሆዷ። ደሟ ፈልቶ በሩን ገፋችው።

ዝምቴ ቀና ብላ አየቻትና ክው አለች። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እጇ ናት፤ ስክሪኑን ልታጠፋ ወደ ቁልፉ ሄደች።

«ምን ላባዛልሽ የኔ ልጅ?» አለች ሴትዮዋ።

«የሷ ጓደኛ ነኝ» አለች ቀጮ፣ ቃሉ እየመረራት።

የሴትዮዋ ፊት በራ። የዝምቴ አክስት ነበረች። «ቤቷ ላፕቶፕ ያላት ልጅ አንቺ ነሽ? ስላንቺ ነው ሁሌ የምታወራው። እኔ ምኑም አይገባኝ፣ እሷ ግን አንቺ የሠራሽውን ስትነግረኝ አፏ አይከደንም» አለችና በርጩማ አቀበለቻት። ዝምቴ አፏ የማይከደንበት ቦታ መኖሩን ቀጮ ዛሬ ሰማች። ተቀመጠች፤ ይዛው የመጣችው ቁጣ የሚቀመጥበት አጣ።

አክስቲቱ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተመለሰች።

«አየሽ አይደል» አለች ዝምቴ፣ ለአክስቷ እንዳይሰማ አድርጋ። «ቤት ኮምፒውተር የለኝም። ወንድምም የለኝም።»

«ኮዱን ለምን ደበቅሽኝ?»

ዝምቴ ወደ ስክሪኑ አየች። መደቡ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭ፣ ወላጆቻቸው ተማሪ ሳሉ የነበረ የሚመስል ኮምፓይለር ነው። የትምህርት ቤቱን አዲሱን ይህ ማሽን አይችለውም፤ ስትጭነው ደርቆ ይቀራል። አሮጌው ደግሞ በእያንዳንዱ ኮድ አናት ላይ ያንን ጥንታዊ ስሙን ይጽፋል። «ብሰጥሽ ከላይ ታዪዋለሽ» አለች። «ከዚያ ሁላችሁም ሙድ ትይዙብኛላችሁ። ያለቀለት ፋይል ላይ ግን ምንም አይታይም። እኔ ቁጥር ያው ቁጥር ነው፣ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ነው።»

ቀጮ ያላመነች መሰለች፤ እውነትም ገና አላመነችም። «እስቲ አሠሪው» አለች።

ዝምቴ የራሷን መሞከሪያ አስነሳች። ሁለት ጻፈች፤ ሁለት ወጣ። ሦስት ጻፈች፤ ሦስት ወጣ።

«እኔ ጋ ይሠራል ስልሽ አልዋሸሁም» አለች።

ቀጮ ከባንኮኒው ላይ የተጣለ ወረቀት አንስታ ጀርባው ላይ መጫር ጀመረች። ሆን ተብሎ ሰው ላይ ለማሳቅ የሚጻፍ ቁጥር ዝም ብሎ የተዘባረቀ ነው የሚሆነው። እነዚህ ግን አልተዘባረቁም። ሁለት አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት ሆነ። ሁለቱንም ለትክክለኛ ነጥባቸው ብታካፍላቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይመጣል። አራትም ቢባዛ አንድ ሺህ ሃያ አራት ነው፤ ሰሌዳው ሦስት አሃዝ ብቻ ስላለው አንዱን ውጦ ሃያ አራቱን አሳየ። ዜሮ ደግሞ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው፤ ለዚህ ነው ትናንት ያጨበጨቡት።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

እኛ ሁለትን አንድ ቤት ብናሻግረው ሃያ ይሆናል። በማሽኑ ቆጠራ ግን አንድ ቤት መሻገር በአሥር ሳይሆን በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ማባዛት ነው። ቁጥሩ አልተበላሸም፤ አንድ ቤት ተንሸራቷል። ሁሉም ተማሪ በፈተና ቀን የሚፈራው ነገር ነው፤ የመልስ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሳታውቂ ትዘያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መልስሽ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሁሉም ይሳሳታል።

«የኔ አዲሱ ኮምፓይለር ነጥቡ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ከሚነግረው ፊደል በኋላ አንድ ባዶ ቤት ይተዋል» አለች ቀጮ። «ቁጥሩን ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚያስቀምጠው።»

«አሮጌው አይተውም፣ አስጠግቶ ነው የሚያነበው» አለች ዝምቴ። «ባዶውን ቤት ከቁጥሩ ጋር ደርቦ አነበበዋ።»

ሳቁ ያመለጣቸው አንድ ላይ ነው። አክስቲቱም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች። ቀጮ ግን ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠባት፤ ነገ ጠዋት ምን ይዛ እንደምትሄድ ትዝ አላት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ ዝምቴ ኮዷን ወደ ትምህርት ቤት አምጥታ በአዲሱ ኮምፓይለር ትሠራዋለች፣ ያኔ መምህሩ ለምን በዚህ አሮጌ ሠራሽ ማለቱ አይቀርም። ወይ ቀጮ በራሷ ኮድ ላይ ባዶ ቤት እንዳይተው የምታዝዝ አንዲት መስመር ትጨምራለች።

«ለቲቸር ትነግሪያለሽ?» አለች ዝምቴ። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

«የቱን?» አለች ቀጮ፣ የቱን እንደሆነ እያወቀች።

«ይሄን» አለች ዝምቴ፣ ጀርባው ያበጠውን ኮምፒውተር፣ ባንኮኒውን፣ የአክስቷን የወረቀት ክምር ባንድ እጅ እያሳየች።

ቀጮ አልነግርም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ቀድሞ ለመምህሩ የነገረችው ሌላ ነገር እንዳለ ግን አፍ አውጥታ መናገር አቃታት። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ጥርጣሬዋ የሚይዘው ሰው አጥቶ ወደ ራሷ ዞረ። ነገ ለመምህሩ እውነቱን ብቻ ብትናገር ምን አለበት? ዝምቴ ስለ ኮምፓይለሩ ዋሽታለች፤ ይሄ እውነት ነው። ስለ ፍላሹም ዋሽታለች፤ ይሄም እውነት ነው። ሰሌዳውም የተበላሸው በዚያ ውሸት ነው። አንዲት ቃል ሳትዋሽ ሥልጠናው የሷ ሊሆን ይችላል። በጣም ደግሞ ፈልጋዋለች፤ ለእናቷ ሳይቀር እንደምትሄድ አድርጋ አውርታለች። በሩ ላይ እስክትደርስ ድረስ ይህን ስታወጣና ስታወርድ፣ የዝምቴ እጅ ወደ ስክሪኑ ቁልፍ ስትሄድ ዓይኗ ላይ እየመጣች አስቸገረቻት።

ጠዋት መምህሩ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። «እህ፣ ማስረጃው?» አላት።

ቀጮ ላፕቶፑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አንዷን መስመር በጣቷ አሳየችው። «ባዶ ቤት የተወው የኔ ክፍል ነው። ዘግቼዋለሁ። አሁን ይሠራል።»

መምህሩ አነበበ፣ ዳግመኛም አነበበ። «የሷስ? ሆን ብላ ነው አላልሽኝም?»

«ተሳስቼ ነው ቲቸር። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። እሷ ምንም አላደረገችም።»

መምህሩ ቀና ብሎ አያት፣ ረጅም ጊዜ። ያን አስተያየት ቀጮ ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ትናንት ዝምቴን ስታይበት የዋለችው ነው። ጥርጣሬ ከሌላ ሰው ዓይን ሲመጣ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አላወቀችም ነበር። ሌላም ልትለው ትችል ነበር። ስለ አሮጌው ኮምፓይለር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ እና አስተያየቱ ይለወጣል። ምላሷን ነከሰች።

«ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረሽ አደርሽ» አለ መምህሩ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ለሥልጠናው የሷን ስም ነው የማስተላልፈው።»

ቀጮ እሺ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ፍትሐዊ ነው ብላ ሳትከፋ ተቀበለችው ማለቱ ያምራል፤ እውነቱ ግን ተከፍታለች፣ በጣም።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ርዕሰ መምህሯ ከፊት ተቀምጣለች፤ መምህሩ ከሷ ኋላ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ረጅሙ ልጅ ኳሱን ይዞ ሁለት ሰው አለፈና ወረወረ። ቀጮ ቁልፉን ተጫነች፤ ዓይኗን ጨፍና።

ሕዝቡ ሲጮህ ገለጠችው። ሰሌዳው ሁለት ለዜሮ ይላል። ዝምቴ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ከማዶ የክፍል አለቃው አንገቱን አስግጎ ሁለቱን ያያል፣ ምን እንደተፈጠረ ባለማወቁ እያሳከከው።

ዝምቴ እንደ ልማዷ ቆይታ፣ ሌላ ኳስ ሳይገባ ተናገረች።

«ለሥልጠናው የምትሄጂው አንቺ ነሽ አለኝ ቲቸር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም» አለች። «ምን ብለሽው ነው?»

ቀጮ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ ሜዳውን አየች። ዝም ብትል ዝምታዋ እስከ ዘላለም ይዘልቃል፤ መምህሩ አይናገርም፣ ዝምቴ ደግማ አትጠይቅም።

«ጨዋታው ሲያልቅ እነግርሻለሁ» አለች። «ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አብረን እየሄድን።»

«ጥሩ ነገር ነው?»

«አይደለም» አለች ቀጮ።

ዝምቴ መነጽር እንደሚፈልግ ሰው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ሳታሸሽ ወደ ሜዳው ዞረች። ኳስ ገባ። ቀጮ ቁልፉን ተጫነች፤ ሰሌዳው አራት አለ።